ሦስት ቁጥር ማዞሪያ

ጋሼ ቅርጫት ኳስ አይወዱም፤ ግን ያያሉ። ዋሽንግተንንና ዙሪያዋን በታክሲ ሲያካልሉ ከሃያ ዓመት በላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ተሳፋሪ ስለ ትናንቱ ጨዋታ ሲያወራ አፍ ዘግቶ መንዳት ጉርሻ ያስቀራል ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ማታ ማታ ሶፋቸው ላይ ጋደም ብለው የነገ ሥራቸውን ያጠናሉ። አጥብቀው የሚያጠኑት ታዲያ ጨዋታውን ሳይሆን፣ ጨዋታው ካለቀ በኋላ አሰልጣኙ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ የሚናገረውን ነው። «እሱን ከሰማሁ ጨዋታውን ባላየውም ኤርፖርት ድረስ ያዘልቀኛል» ይላሉ።

እውነታቸውን ነው። አንዱን የሰማ ሁሉንም እንደ ሰማ ይቆጠራል። አሰልጣኙ ያሸነፈ ቀን «ኳሷን አዟዟርን፣ ነጻ ሰው ፈለግን፣ ልጆቹ በራሳቸው ተማምነው ወረወሩ» ይላል። የተሸነፈ ቀን ደግሞ «ኳሷን አላዟዟርንም፣ ቸኮልን፣ ከሩቅ መወርወር አበዛን» ይላል። ሁለቱን ጨዋታ ድምፁን አጥፍታችሁ ብታዩት ልጆቹ የሚሮጡት ያንኑ ሩጫ፣ የሚቀባበሉት ያንኑ ቅብብል፣ የሚወረውሩትም ከዚያው ቦታ ነው። ልዩነቱ አንዱ ቀን ገባ፣ አንዱ ቀን አልገባም።

እኛም አገር ቢሆን ሞያው ያው ነው። የእግር ኳስ አሰልጣኞቻችን ከጨዋታ በፊት «ሦስት ነጥቡን ይዘን ለመውጣት ነው የመጣነው» ይሉና ከጨዋታ በኋላ «የአጨራረስ ክፍተት አለብን» ይላሉ። ጋሼ በዚህ ቋንቋ ስላደጉ አሜሪካ የመጡ ሰሞን ተቸግረው ነበር። አንዱ ተጫዋች ከሩቅ ወርውሮ ሲያገባ አጠገባቸው ያለው ሰው «ሦስት ነጥብ!» ብሎ ሲዘል፣ «ገና ሳያልቅ?» ብለው ጠይቀዋል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ማርች 16 ቀን 2018 (ዓመቱን በፈረንጅ የምጠራው ጨዋታውም የእነሱ ስለሆነ ነው) ዓርብ ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ ጋሼ ቤት ነበርኩ። ሁዳዴ ስለነበር ፊታችን የቀረበው ሽሮና ጎመን ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ በዩኒቨርሲቲዎች ውድድር የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ባልቲሞር አጠገብ ካለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ይጫወታል፤ ሰዉ ባጭሩ ዩ ኤም ቢ ሲ ከሚለው ጋር። ቨርጂኒያ የዓመቱ ቁንጮ ነው፤ 31 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 2 ጊዜ ብቻ። ተጋጣሚው ከቅርጫት ኳሱ ይልቅ በቼዝ ቡድኑ ስሙ የሚነሳ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ውድድር ከ1985 ጀምሮ ከምድቡ አንደኛ ተብሎ የተቀመጠ ቡድን አሥራ ስድስተኛ ከተባለው ጋር 135 ጊዜ ተጋጥሞ እስከዚያ ማታ 135ቱንም አሸንፎ ነበር። ጋሼ የእህታቸው ልጅ እዚያ ስለሚማር ብቻ የደካማው ደጋፊ ናቸው። «ይሸነፋል፤ ግን የኛ ነው» ብለውኛል ገና ሳይጀመር።

ለእረፍት 21 ለ21 ወጡ። «ቆይ፣ ይሄ ነገር...» አሉ ጋሼ፣ ጉርሻውን አፋቸው ጋ አድርሰው እንደያዙ። ከእረፍት መልስ ዩ ኤም ቢ ሲ 53 ነጥብ አስገባ። በዚያ ዓመት ቨርጂኒያ ላይ በሙሉ ጨዋታ በአማካይ ይገባበት የነበረው ይህንኑ ያህል ነበር። 74 ለ54 አለቀ። ጋሼ ሽሮው እስኪበርድ ድረስ ቆመው አጨበጨቡ።

ከዚያ ትንተናው መጣ። እምነት፣ ረሃብ፣ የወንድማማችነት መንፈስ፣ የሚያጣው ነገር የሌለው ሰው ድፍረት፤ ያልተነሳ ነገር አልነበረም። አንዱ ተንታኝ የጨዋታው ማዞሪያ ከእረፍት በኋላ ያለው የመጀመሪያው ደቂቃ ነው ሲል፣ ሌላው የለም፣ እረፍት ላይ እኩል መውጣታቸው ነው አለ። ጋሼ የታክሲ ሂሳብ የለመዱ ናቸውና እስክሪብቶ አነሱ። ዩ ኤም ቢ ሲ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ 24 ወርውሮ 12 አገባ፤ 36 ነጥብ። ቨርጂኒያ 22 ወርውሮ 4 አገባ፤ 12 ነጥብ። ልዩነቱ 24። ጨዋታው ያለቀው በ20 ልዩነት።

«ታዲያ ምን ይተነትናሉ?» አሉ እስክሪብቶውን አስቀምጠው። «ለነዚህ ከሩቅ ገባላቸው፣ ለነዚያ አልገባላቸውም። ሂሳቡ እንኳ 4 ነጥብ መልስ አለው።»

ለአንድ ሰው ፍትሕ ልስጥ። የቨርጂኒያው አሰልጣኝ ቶኒ ቤኔት በዚያ ሌሊት ሰበብ አልፈለገም። ደአንድሬ ሀንተር የተባለው ጎበዝ ልጁ እጁ ተሰብሮ እንዳልተጫወተ እያወቀ እንኳ፣ በሚገባ መሸነፋቸውን አምኖ ተቀመጠ። ጋሼ ግን ቅር አላቸው። «ይሄን ለተሳፋሪ እንዴት አድርጌ አወራዋለሁ? ሁለት መብራት እንኳ አይበቃም።»

ከሁለት ቀን በኋላ ያው ዩ ኤም ቢ ሲ፣ ያው አሰልጣኝ፣ ያው ልጆች፣ ከካንሳስ ስቴት ጋር ተጋጥመው 50 ለ43 ተሸነፉ። ያ ሁሉ ልብና ረሃብ በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ የት ገባ? ለነገሩ ሁዳዴው እንኳ አልተፈታም ነበር።

አዲስ አበባ ቶታል አካባቢ ሦስት ቁጥር ማዞሪያ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ እንደሚነግረን ሦስት ቁጥር አውቶቡስ ዞሮ የሚመለስበት ነው። የአውቶቡስ ማዞሪያ ደግነቱ፣ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ገና ሳይነሱ የት እንደሆነ ማወቃቸው ነው። የቅርጫት ኳስ ማዞሪያ ግን የሚመረጠው አውቶቡሱ ገብቶ፣ ሰው ወርዶ፣ ሾፌሩ ሻይ ሲጠጣ ነው። «የት ላይ ነበር የዞርነው?» ይባላል። «እንትን ጋ፣ ያቺ ሴትዮ ዘንቢል ይዛ ስትሳፈር» ይላል ሾፌሩ፣ ሻዩን እፍ እያለ። ሴትየዋ በየቀኑ ዘንቢል ይዛ እንደምትሳፈር የሚያስታውሰው የለም። የአውቶቡሱ ቁጥር ደግሞ አይለወጥም፤ ማዞሪያ ከተባለ ሦስት ቁጥር ነው። ሁለት ሦስቴ ተከታትሎ ከሩቅ የገባበትን ሰዓት ፈልጉ፣ አሰልጣኙ ማዞሪያውን ተክሎ የምታገኙት እዚያ ነው።

የሦስት ነጥቡ መስመር ራሱ ዕድሜው ብዙ አይደለም። የአሜሪካው ዋና ሊግ ኤን ቢ ኤ የተቀበለው በ1979 ነው፤ ኦክቶበር 12 ቀን የቦስተኑ ክሪስ ፎርድ የመጀመሪያውን አገባ። በዚያ ዓመት አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ሦስት እንኳ አይሞላም ነበር የሚወረውረው። አሁን ከ35 በላይ ነው። ፊት ለፊት ያለው ርቀት 7.24 ሜትር ሲሆን፣ ጥግ ላይ ሜዳው ስለሚጠብ 6.71 ይሆናል፤ ዋጋው ግን ያው ሦስት። ይህን የሰማ የመርካቶ ነጋዴ ከጥግ የሚነሳ አይመስለኝም። ሂሳቡም ቀላል ነው፦ ከመቶ 36 የሚያገባ ሰው 108 ነጥብ ያገኛል፤ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ መስመሩን ረግጦ ከመቶ 40 የሚያገባው 80 ብቻ። አሰልጣኞች ይህን ለማመን ሠላሳ ምናምን ዓመት ፈጀባቸው። ችግሩ፣ ሂሳቡ ትክክል የሚሆነው በመቶ ውርወራ ነው፤ ዛሬ ማታ ያለው ደግሞ ሠላሳ ምናምን ብቻ ነው። ጋዜጠኛው የሚጠይቀውም ስለ ዛሬ ማታ ነው።

ሂዩስተን የደረሰበትን ጋሼ እስካሁን ያነሱታል። የ2017–18ቱ የሂዩስተን ሮኬትስ በአሰልጣኝ ማይክ ዳንቶኒ እየተመራ፣ በሊጉ ታሪክ ከሁለት ነጥብ ይልቅ ሦስት ነጥብ አብዝቶ የወረወረ የመጀመሪያው ቡድን ነው። 65 ጨዋታ አሸነፈ። ሜይ 28 ቀን ከጎልደን ስቴት ጋር ሰባተኛውን፣ ያሸነፈ ለፍጻሜ የሚያልፍበትን ጨዋታ ገጠመ። የሂዩስተኑ ክሪስ ፖል ተጎድቶ ወንበር ላይ ነው። ቢሆንም እረፍት ላይ 54 ለ43 ይመሩ ነበር። ከዚያ አንድ ሳቱ። ሁለት ሳቱ። አምስት። አሥር። ከሁለተኛው ሩብ እስከ አራተኛው ሩብ ድረስ ሃያ ሰባት ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ተከታትሎ ሳተ። ኳሷ የቀለበቱን ፊት ትመታለች፣ ጀርባውን ትመታለች፣ ዞር ዞር ብላ ገብታ ያየች ይመስል ትወጣለች። ትሬቨር አሪዛ ብቻውን ዘጠኝ ወርውሮ ዘጠኙንም ሳተ። ሲደመር ከ44 7 ገባ። 101 ለ92 ተሸነፉ፤ በዘጠኝ ነጥብ ማለት ነው፤ ከሃያ ሰባቱ አራቷ እንኳ ብትገባ...

«ብትገባ» የሚለውን ቃል ስጽፍ እኔም አሰልጣኝ መሆኔ ነው፤ ይቅር ይበለኝ።

በማግስቱ ማብራሪያው ጎረፈ። ደክመው ነበር። ፈርተው ነበር። ፖል ቢኖር ኖሮ። ጎልደን ስቴት በሦስተኛው ሩብ መከላከሉን አጠበቀ። (በዚያ ሩብ 33 ለ15 ስለሆነ፣ እረፍት ላይ አሰልጣኛቸው ስቲቭ ከር መልበሻ ክፍል ውስጥ ምን አላቸው የሚለው ራሱን የቻለ ጥናት ሆኖ ነበር። እኔ በበኩሌ «ውሃ ጠጡ» ከማለት ባያልፍም ያቺ ኳስ ለሂዩስተን አትገባም ነበር ባይ ነኝ።) እያንዳንዱ ማብራሪያ እውነት ሳይኖረው አይቀርም። ግን ከሃያ ሰባቱ ማዞሪያው የትኛው ነው? ሰባተኛው? አሥራ ዘጠነኛው? ዳንቶኒ አሥረኛው ላይ «በቃ፣ ከሩቅ አትወርውሩ» ቢል፣ 65 ጨዋታ ያሸነፈበትን እምነት በአሥር ስህተት የጣለ ፈሪ ይባል ነበር። ስላላለም ግትር ተባለ። ከመቶ 36 የሚያገባ ቡድን ሃያ ሰባት ተከታታይ የሚስተው፣ አንዱ ውርወራ ከሌላው አይገናኝም ብለን ስናሰላው፣ ከ170 ሺህ ገደማ አንድ ጊዜ ነው። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው «ታዲያ ምኑን ሊጠይቁት ነው አሰልጣኙን? ሎተሪ አዟሪ ይጠየቃል እንዴ ለምን አልወጣልኝም ተብሎ?» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡና «ለነገሩ እኔ ጠይቄ አውቃለሁ» አሉ።

ማዞሪያ የመትከል ጥበብ ጫፍ የደረሰው ግን ማያሚ ላይ፣ ጁን 18 ቀን 2013 ነው። የኤን ቢ ኤ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ፤ ሳን አንቶኒዮ ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው። 28 ሰከንድ ሲቀር በአምስት ነጥብ ይመራል። የሽልማቱ ሥነ ሥርዓት ሊጀመር ስለሆነ በሜዳው ዳር ቢጫ ገመድ ይዘው የመጡ ሠራተኞች ቆመዋል። አሰልጣኙ ግሬግ ፖፖቪች ረጅሙን ቲም ዳንካንን አስወጥቶ ከመስመሩ ውጭ ያለውን ሁሉ ሮጠው የሚሸፍኑ ልጆች አስገባ። በሦስት ነጥብ ብቻ ሊጎዳ የሚችል ሰው ሦስት ነጥቡን ቢዘጋ ምን ያስወቅሰዋል? የማያሚው ሌብሮን ጄምስ ወርውሮ ሳተ፤ ኳሷ ተመልሳ እጁ ገባችና ሁለተኛውን አገባ። የሳን አንቶኒዮው ካዋይ ሌናርድ ሁለት ቅጣት ተሰጥቶት አንዱን ሳተ፤ 95 ለ92። ሌብሮን እንደገና ወርውሮ ሳተ። የቡድን ጓደኛው ክሪስ ቦሽ ከሰው በላይ ዘሎ ሪባውንዱን ያዘ። ሌላው የማያሚ ተጫዋች ሬይ አለን ይህን ጊዜ ቀለበቱ ሥር ነበር። ዞሮ አልሮጠም፤ ፊቱን ወደ ኳሷ እንዳደረገ ወደ ኋላ ወደ ጥጉ ተንደረደረ። መስመሩን ጎንበስ ብሎ አላየም። ተረከዙ ሲያርፍ ከኋላው የቀረው ወለል አንድ ጫማ የሚያህል ነው። ኳሷ ከእጁ ወጣች። ገባች። 5.2 ሰከንድ ቀርቷል። ቢጫው ገመድ ተጠቅልሎ ተመለሰ። በጭማሪ ሰዓት 103 ለ100፣ ሰባተኛውንም ጨዋታ ማያሚ አሸነፈ።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ፖፖቪች የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ ዳንካንን ለምን አስወጣህ? ዳንካን ቢኖር ሪባውንዱ የሱ ነበራ! እስቲ ገልብጡት። ዳንካን ሜዳ ላይ ቆይቶ፣ ከመስመሩ ውጭ ሮጦ መድረስ አቅቶት፣ ሌብሮን አናቱ ላይ ቢያገባበት ምን ይባል ነበር? «ያንን ሽማግሌ ምን አስቦ አስቀረው?» ነው የሚባለው። ኳሷ ከሬይ አለን እጅ ስትወጣ አንድ ጣት ዘንበል ብትል ደግሞ የዳንካን መውጣት በአሰልጣኞች ትምህርት ቤት የሚሰጥ ምዕራፍ ይሆን ነበር። ፖፖቪች ሦስት ነጥብ የሚባል ነገር እንደማይወድ በአደባባይ የሚናገር ሰው ነው። እኔ አልፈርድበትም።

በዚያ ሁሉ ማብራሪያ መሃል፣ ጨዋታው ሳይጀመር የነበረ አንድ ብቻ ነው። ሬይ አለን ወጣት ሳለ በልምምድ ወለሉ ላይ ይጋደምና ብድግ ብሎ፣ ወደ ኋላ እየሮጠ ጥግ ደርሶ፣ እግሩን ሳያይ ይወረውር ነበር። ያም ሆኖ በዘመኑ ሁሉ ከወረወራቸው ሦስት ነጥቦች ከመቶ ስድሳውን ስቷል።

ሊቃውንቱም ቢሆኑ አልዳኑም። በ1985 ጊሎቪች፣ ቫሎንና ትቨርስኪ የተባሉ ምሁራን «ዛሬ እጁ ሞቋል» የሚባለው ነገር የዓይን ማታለል ነው፣ ያገባ ሰው ቀጥሎ የማግባት ዕድሉ አይጨምርም ብለው በቁጥር አሳዩ። የቦስተኑ ሬድ አወርባክ፣ ዘጠኝ ዋንጫ የወሰደው አሰልጣኝ፣ ጉዳዬም አይደለም ብሎ ነው ያለፈው። ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ሚለርና ሳንኹርኾ የሚባሉ ሌሎች ምሁራን የቀደሙት አቆጣጠር ውስጥ የተደበቀ ስህተት አገኙ፤ እጅ ትንሽ ትንሽ ሳይሞቅ አይቀርም አሉ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። «አየህ፣ ፕሮፌሰሩም ማዞሪያውን ዘግይቶ ነው ያገኘው።»

ወደ ቨርጂኒያ ልመለስና ልጨርሰው። ቶኒ ቤኔት በ2019 ያንኑ ቡድን ይዞ ለፍጻሜ ደረሰ። ከቴክሳስ ቴክ ጋር በሦስት ነጥብ እየተመሩ 12 ሰከንድ አካባቢ ሲቀር፣ ዓምና እጁ የተሰበረው ያ ደአንድሬ ሀንተር ከጥግ ወረወረ። ገባች፤ 68 ለ68። በጭማሪው 85 ለ77 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ያን ጊዜ ነው የ2018ቱ ሽንፈት አዲስ ስም ያወጣው። ውርደት መባሉ ቀርቶ ለዚህ ያበቃቸው ትምህርት፣ የመንገዱ ማዞሪያ ተባለ። ሰበብ ያልፈለገው ቤኔት እንኳ ያ መከራ እዚህ አደረሰን ከማለት አልተመለሰም። ሀንተር ቢስት ኖሮስ? ሽንፈቱ ሽንፈት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። አውቶቡሱ ከገባ ከአንድ ዓመት በኋላ ማዞሪያ ተተከለለት ማለት ነው። በ2025 ቨርጂኒያ ለአሰልጣኝነት ማንን ቀጠረ መሰላችሁ? ያኔ ዩ ኤም ቢ ሲን ይዞ ጉድ የሠራቸውን ራያን ኦደምን።

ሌላውን ሳማ ዋልኩ፤ የራሴን ልናገር። አንድ ክረምት የሰፈር ልጆች ቡድን አሰልጣኝ ሆኜ ነበር። ዕድሜያቸው አሥር፣ አሥራ አንድ ነው። ዋናው አሰልጣኝ ቤት ሲቀይር ፊሽካ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎልኝ ሄደ። የጋሼ የልጅ ልጅ ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበር። አንድ ቅዳሜ በአራት ነጥብ እየተመራን ልጁ ኳሷን ይዞ ከሩቅ፣ በጣም ከሩቅ፣ በሁለት እጁ ከሆዱ ሥር ሊያስፈነጥራት ሲዘጋጅ አየሁት። «አትወርውር! አት...» ብዬ ሳልጨርስ ኳሷ ቦርዱን መታች፣ ገባች። «ጎበዝ! እንደተነጋገርነው!» አልኩ፣ እያጨበጨብኩ። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ። ምንም አልተነጋገርንም ነበር።

በአንድ ነጥብ አሸነፍን። እናቶች ሳምቡሳ አምጥተው ስለነበር ከሜዳው ዳር ተሰብስበን እየበላን፣ ጋሼ ድምፃቸውን እንደ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አወፍረው «እሺ አሰልጣኝ፣ ማዞሪያው የት ላይ ነበር?» አሉኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ታይም አውት የጠራሁ ጊዜ ነው፣ ጋሼ። ልጆቹ ቸኩለው ነበር፤ ተነፈሱ፣ ተረጋጉ፣ መከላከሉንም አስተካከልን።»

«ታይም አውቱን የጠራኸው እኮ» አለ ልጁ፣ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ስለሆነ ሰውን ሁሉ አንተ ነው የሚለው፣ «እኔ ሽንቴ መጥቶ ነው።»

ወላጆችን ሳቅ አፈናቸው። ጋሼ ግን አልሳቁም። ሳምቡሳቸውን ሳህኑ ላይ አስቀምጠው ልጁን በጥሞና ጠየቁት። «ሦስት ነጥቡን ያገባኸው ስትመለስ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አሰልጣኙ ልክ ነው» አሉ።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ቡድኑ ሊሸነፍ በተቃረበ ቁጥር ጋሼ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «ሽንት ቤት ሂድ! ሂድ እንጂ!» እያሉ ልጁ ላይ ይጮሃሉ።